ተሸናፊ የሌለበት ጉዞ

አንድ ሰው ኮምፒውተሩ ፊት ይቀመጣል። ጠረጴዛው ላይ መሪ አስሯል፤ እግሩ ሥር ነዳጅና ፍሬን አለ። ስክሪኑ ላይ ከፖላንድ ወደ ጀርመን ዕቃ የጫነ ተሳቢ መኪና ይነዳል። ዝናብ ይዘንባል፤ የመስታወት መጥረጊያው ይሄዳል፣ ይመጣል። ሰውየው ስለ እናቱ ሕመም፣ ስለ ትናንት እራቱ፣ ከአሥር ዓመት በፊት ስለተጣላው ጓደኛው ያወራል። ከጎን በኩል ሃያ ሰው፣ አንዳንዴም ሁለት መቶ ሰው በጽሑፍ ይመልስለታል። በሦስት ሰዓት ውስጥ የሚፈጠረው ትልቁ ነገር ቀይ መብራት ጥሶ መቀጣቱ ነው። በቃ። ሌላ ምንም የለም።

“ይሄን ደግሞ ማን ያያል?” ትሉ ይሆናል። ብዙ ሰው ያይ ነበር። እኔም ከሚያዩት አንዱ ነበርኩ፤ አሁንም ነኝ። ግን ዛሬ ስገባ ሁለት መቶ የነበረው አርባ ሆኗል፤ አርባ የነበረው ስድስት። ይነዱ ከነበሩት ገሚሶቹ መሪውን ሸጠዋል፤ ገሚሶቹ መኪናውን ትተው ካሜራ ፊት ቁጭ ብለው ማውራት ጀምረዋል፤ የቀሩት በትልልቅ ፊደል “አደገኛ አደጋ!” የሚል ቪዲዮ ቆርጠው መለጠፍ ይዘዋል።

ብዙ ሰው ይህን የፋሽን ጉዳይ አድርጎ ያየዋል። ጌም ይወጣል፣ ጌም ይረሳል፣ ምን ችግር አለው? እኔ ግን ሌላ ነገር ይታየኛል። የመኪና መንዳት ላይቭ ትልቁ ሀብቱ ምንም አለመፈጠሩ ነበር። ገበያው ደግሞ ምንም ያልተፈጠረበት ሰዓት ዋጋ የለውም ብሎ ፈረደ። ፍርዱን ሌላው ዓለም ዝም ብሎ ሊቀበለው ይችላል። ከደብረ ማርቆስ ሆኖ ለሚያይ ሰው ግን ምንም ያልተፈጠረበት መንገድ ስንት እንደሚያወጣ የታወቀ ነው።

ባዶው አውቶብስ

የዚህ ዘውግ አያት የተወለደው በቀልድ ነው። ፔን እና ቴለር የተባሉ ሁለት አሜሪካዊ የመድረክ ምትሃተኞች እ.ኤ.አ. በ1995 ለሴጋ ሲዲ ባሰናዱት፣ ግን ገበያ ሳይወጣ በቀረ የጌም ስብስብ ውስጥ “ዴዘርት ባስ” የሚባል ነገር ነበር። ከቱሳን ከተማ ወደ ላስ ቬጋስ አውቶብስ ትነዳላችሁ። ጉዞው ልክ እንደ እውነቱ ስምንት ሰዓት ይፈጃል። ፍጥነቱ በሰዓት ከ72 ኪሎ ሜትር አያልፍም። ተሳፋሪ የለም። ለአፍታ ማቆም አይቻልም። አውቶብሱ ትንሽ ወደ ቀኝ ስለሚጎትት መሪውን ለቆ ቡና ማፍላትም የለም። ከመንገድ ከወጣችሁ ጎታች መኪና መጥቶ ወደ ቱሳን ይመልሳችኋል፤ መመለሱም በእውነተኛው ሰዓት ነው። ስምንቱን ሰዓት ከጨረሳችሁ የምታገኙት አንድ ነጥብ ነው። አንድ!

ሐሳቡ ሽሙጥ ነበር። “ጌም ልጆቻችንን ዓመፅ እያስተማረ ነው፣ እንደ እውነተኛው ሕይወት ይሁን” ለሚሉ ሰዎች “እሺ፣ ይኸው እውነተኛው ሕይወት” ማለታቸው ነው። ግን ሽሙጡ ሳይታሰብ ቁም ነገር ወለደ። እ.ኤ.አ. በ2007 “ሎዲንግ ሬዲ ረን” የሚባል የካናዳ የኮሜዲ ቡድን ይህንን ጌም በቀጥታ ስርጭት እየተፈራረቀ ሊነዳ ተቀመጠ፤ ለታመሙ ሕፃናት ገንዘብ ለማሰባሰብ። ሰው ገንዘብ በላከ ቁጥር የሚነዱበት ሰዓት ይረዝማል። ከዚያ ወዲህ በየዓመቱ ያደርጉታል፤ የተሰበሰበውም ሚሊዮኖች ዶላር ደርሷል።

እዚህ ላይ አንድ ነገር ልብ በሉ። ሰው ገንዘቡን የላከው አውቶብሱን አይቶ አይደለም። አውቶብሱ ላይ የሚታይ ነገር የለምና። ጌሙ ባዶ ስለሆነ ክፍሉ ሞላ። የሚነዳው ልጅ እጁ ተይዟል፤ ዓይኑም ተይዟል፤ አፉ ግን ነፃ ነው። ከኋላው ጓደኞቹ ይዘፍናሉ፣ ይቀልዳሉ፣ ያንቀላፋሉ። እኛ አገር ይህን ለማስረዳት ብዙ መድከም አያስፈልግም። ጥጥ የሚፈትሉ እናቶች አጠገብ ያደገ ሰው ያውቀዋል። እንዝርቱ ሲሾር ወሬው ይፈታል። እጅ ሥራ ሲይዝ ዝምታውም አያሳፍርም፤ ሁለት ደቂቃ ዝም ቢባል ማንም “ምነው?” አይልም። ፊት ለፊት ተፋጦ ማውራት ሌላ፣ ጎን ለጎን ሆኖ ማውራት ሌላ።

ዓባይ ሁለት ኪሎ ሜትር ሲሆን

ዘውጉን ያደራጀው ጌም ግን “ዩሮ ትራክ ሲሙሌተር 2” ነው። ኤስ.ሲ.ኤስ. ሶፍትዌር የተባለ የፕራግ ኩባንያ እ.ኤ.አ. በጥቅምት 2012 አወጣው። ትዊች የተከፈተው ከዚያ አንድ ዓመት ከምናምን በፊት፣ በሰኔ 2011 ነበር። ሁለቱ አብረው አደጉ ማለት ይቻላል። በ2014 አማዞን ትዊችን በ970 ሚሊዮን ዶላር ሲገዛ፣ የከባድ መኪና ሹፌሮቹ ቀድመው ጥግ ይዘው ነበር።

ስለ ጌሙ እንደ ጌም ላውራ። ነገሩ የሚገርም ሚዛን አለው። ድካም አለ፤ ሹፌሩ ካላረፈ ዓይኑ ይከደናል። ፍጥነት ካለፋችሁ ትቀጣላችሁ። ቁልቁለት ላይ ፍሬን ብቻ ከረገጣችሁ ጭነቱ ይገፋችኋል። ግን መንገዱ የተጨመቀ ነው፤ የካርታው ልኬት አንድ ለአሥራ ዘጠኝ ነው። እውነተኛው ዓለም ላይ አሥራ ዘጠኝ ኪሎ ሜትር የሆነው እዚያ አንድ ይሆናል፤ ሰዓቱም አብሮ ይታጠፋል።

ጌሙ ሲወጣ የያዘው አውሮፓን ነው እንጂ እኛን አይደለም። ግን ልኬቱን ወስደን በቤታችን መንገድ ብንሞክረውስ? ከአዲስ አበባ ደብረ ማርቆስ ወደ 300 ኪሎ ሜትር ይሆናል፤ እዚያ ውስጥ ሲገባ አሥራ ስድስት ኪሎ ሜትር እንኳን አይሞላም። ከጎሃ ጽዮን እስከ ደጀን ያለው የዓባይ በረሃ 40 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው፤ በጌሙ ልኬት ሁለት ኪሎ ሜትር ይሆናል። ከአንድ ሺህ ሜትር በላይ ቁልቁል ወርዶ፣ ድልድዩን ተሻግሮ፣ ያንኑ ያህል መውጣት፣ ጆሮ ሲደፈን፣ ሙቀቱ ሲመጣ፣ ከላይ የተለበሰው ጋቢ ሲወልቅ፣ ረዳቱ “ውሃ ያለው?” ሲል፣ ይሄ ሁሉ ሁለት ኪሎ ሜትር። ስለዚህ ጌሙን “እውነተኛ” የሚሉት ሰዎች ስለ ሞተሩ ድምፅና ስለ መስታወቱ ነጸብራቅ ነው የሚያወሩት እንጂ ስለ ርቀት አይደለም። ርቀት የሰው ጉልበት የሚበላ ነገር ነው፤ ጌሙ እሱን ቆርጦታል።

ታዲያ ርቀቱን መልሶ ያመጣው ላይቩ ነው። የእኔ አድናቆት እዚህ ላይ ነው። አንድ ሰው ብቻውን ሲጫወት መንገዱ አጭር ነው፤ ያቋርጣል፣ ይተኛል፣ ነገ ይቀጥላል። ሰው እያየው ሲነዳ ግን አንዱ ጭነት ሌላውን ይወልዳል። አራት ሰዓት፣ አምስት ሰዓት ይሄዳል። አምስት ሰዓት ደግሞ ምን መሰላችሁ? ከአዲስ አበባ ማርቆስ በአውቶብስ የሚፈጀውን ያህል ነው። ጌሙ የሰረቀውን ሰዓት ተመልካቹ ያስመልሰዋል።

አንድ ጊዜ ማርቆስ ውስጥ አንድ ጌም ቤት እንዲህ ያለ ስርጭት ተከፍቶ፣ መኪናው ከአልፕስ ተራራ እየወረደ ነበር። በር ላይ የቆሙ አንድ ጡረታ የወጡ ሹፌር ነበሩ፤ የልጅ ልጃቸውን ሊጠሩ መጥተው ነው። ጥቂት አዩና፣ “ኧረ ተው! በወጣህበት ማርሽ ነው የሚወረድ። ይሄ ልጅ ፍሬኑን ሊያቃጥለው ነው” አሉ፤ ለስክሪኑ። ከልጆቹ አንዱ፣ “ጋሼ፣ ጌም እኮ ነው” ቢላቸው፣ “ቁልቁለት ቁልቁለት ነው” ብለው ቁጭ አሉ። የልጅ ልጃቸውን ረስተው ግማሽ ሰዓት ስለ ዓባይ አወሩን። የትኛው ጠመዝማዛ ላይ ማን እንደቆመ፣ በ2000 ዓ.ም. መጨረሻ በጃፓን እርዳታ የተሠራው ድልድይ ሳይከፈት በፊት በአሮጌው ላይ እንዴት እንደሚታለፍ። ጀርመናዊው ልጅ እዚያ ስክሪኑ ላይ ምንም ሳያውቅ ይወርዳል። እኚህ ሰው እሽቅድምድም ቢከፈትላቸው ኖሮ “በሉ ደኅና ዋሉ” ብለው ይሄዱ ነበር። ያስቀመጣቸው መንገዱ ነው።

እንግዲህ ይህ ዘውግ ሦስት ነገር ነበረው፦ መሪ፣ መንገድና ወሬ። ሦስቱ አብረው ሲሆኑ ነው የሚሠራው። ውድቀቱም ሦስቱ የተለያዩበት ታሪክ ነው።

መሪው ሄደ፣ ወሬውም ሄደ

መጀመሪያ የሄደው መሪው ነው። እ.ኤ.አ. በ2020 ኮሮና ዓለምን ቤት ሲዘጋ የመኪና እሽቅድምድም ሜዳዎችም ተዘጉ። የአሜሪካው ናስካር “አይሬሲንግ” በተባለው ሲሙሌተር እውነተኛ ሹፌሮቹን ከየቤታቸው ያወዳድር ጀመር። መጋቢት 22 ቀን 2020 የተደረገውን የመጀመሪያውን ውድድር በቴሌቪዥን ከ900 ሺህ በላይ ሰው አየው፤ ከሳምንት በኋላ የተደረገውን ደግሞ 1.3 ሚሊዮን ሰው። ፎርሙላ ዋን ተከተለ፤ ፎርሙላ ኢም ተከተለ። ለጊዜው “የመኪና ጌም ላይቭ ዘመኑ መጣ” ተባለ። ውድ ውድ መሪዎች ተሸጡ፤ በየቤቱ የሹፌር ወንበር ተተከለ።

ግን ያ ጭብጨባ የተሰጠው ለምትክ ነው። ሜዳው ሲከፈት ሰው ወደ ሜዳው ተመለሰ። ምትክ ሁልጊዜ ዕጣው ይሄው ነው፤ ባለቤቱ ሲመጣ ከወንበሩ ይነሳል። ከመነሳቱ በፊትም አንድ ነገር አሳይቶን ነበር። በግንቦት 2020 ዳንኤል አብት የተባለው የፎርሙላ ኢ ሹፌር በቤት ውስጥ ውድድር ላይ በስሙ ሌላ ሰው፣ የጌም ባለሙያ፣ አስቀምጦ አስነዳ። ሲታወቅበት ቡድኑ አውዲ አገደው፤ 10 ሺህ ዩሮም ለበጎ አድራጎት እንዲከፍል ተፈረደበት። ብዙዎች እንደ ቀልድ አለፉት፤ እኔ ግን ስለ ዘውጉ ብዙ የሚናገር ነገር ይመስለኛል። ውጤት ብቻ ሲቀር መሪውን ማን እንደያዘው ለማየት አያስቸግርም ነበር ማለት ነው፤ ፊቱን ሸፍኖ ማንም ሊሆን ይችላል። በቀስታው የከባድ መኪና ላይቭ ላይ ይህን ማድረግ ትችላላችሁ? ስለ እናቱ ሕመም የሚያወራውን ሰው በሌላ ሰው መተካት አይቻልም። ተመልካቹ በአንድ ደቂቃ ውስጥ “አንተ ማነህ?” ይላል።

ሁለተኛ የሄደው ወሬው ነው። ትዊች እ.ኤ.አ. በ2018 “ጀስት ቻቲንግ” የሚል ክፍል ከፈተ፤ ዝም ብሎ ማውራት ማለት ነው። ብዙም ሳይቆይ ከጌሞቹ ሁሉ በላይ የሚታይ ክፍል ሆነ። ከንግድ አንፃር ካየነው ልክ ነው፤ ሰዎቹ የመጡት ለወሬው ከሆነ መኪናው ለምን ያስፈልጋል? ግን መሪውን የተወ አውሪ ምን እንደሚሆን አይተናል። እጁ ባዶ ሲሆን ካሜራውን ያፈጥጥበታል። ዝምታ ስለሚያስፈራው ጩኸት ይጨምራል። ስለ ራሱ ሕይወት የሚለው ሲያልቅ ስለ ሌላው ሰው ሕይወት ይጀምራል። ጎን ለጎን የነበረው ፊት ለፊት ሆነ። ፊት ለፊት ሲሆን ደግሞ ወይ ፍቅር ነው ወይ ጠብ።

መሪውን እሽቅድምድሙ ወሰደው፤ ወሬውን ወንበሩ ወሰደው፤ መንገዱ ባለቤት አጣ።

ተሸናፊ ይከፍላል

ይሄ ሁሉ የውጭ ታሪክ ይመስላል። እኛ ጋ ለምን ዘውጉ ሥር ሳይሰድ እንደቀረ ለማወቅ ግን አንድ ጌም ቤት መግባት ይበቃል፤ ማርቆስም ይሁን ፍኖተ ሰላም፣ አዲስ አበባም ይሁን።

ጌም ቤት ውስጥ ንጉሡ ኳስ ነው። ምክንያቱ ኳስ መውደዳችን ብቻ አይመስለኝም። አንዱ ጨዋታ ከአሥር ደቂቃ ብዙ አያልፍም። ሁለት ሰው ይጫወታል፤ አንዱ ይሸነፋል፤ ተሸናፊ ይከፍላል። ሕጉ ይኸው ነው። ባለቤቱ ሒሳቡን ያውቃል፤ ተራ የሚጠብቀውም ልጅ መቼ እንደሚደርሰው ያውቃል። አሁን ወደዚህ ቤት አንድ ሰው መጥቶ “እኔ ከሊዮን እስከ ሚላን ዕቃ ላድርስ” ቢል ምን ይሆናል? ስንት ይከፍላል? መቼ ያበቃል? ማንን አሸነፈ? ዋናው ጥያቄ ግን ይሄ ነው፦ ተሸናፊ የሌለበትን ነገር ማን ይከፍልበታል?

ቲክቶክ ላይ የሆነውም ይኸው ነው። ላይቭ ማየት ስንጀምር ሁሉም ዓይነት ነገር ነበር። የሚያበስል፣ የሚስፍ፣ ስልክ ላይ በሚሠራው የኢንዶኔዥያ አውቶብስ ጌም እየነዳ የሚቀልድ። የዚህ ጌም ነገር ደግሞ ለብቻው ደስ ይላል። ማሌዮ የተባለ ኩባንያ እ.ኤ.አ. በ2017 ያወጣው ሲሆን፣ ተጫዋቹ አውቶብሱን የራሱን አገር ቀለም እንዲቀባው ይፈቅዳል። መሪ መግዛት አያስፈልግም፤ ስልኩ ራሱ መሪ ነው። ለኛ አገር ኪስ የተሠራ ነበር ማለት ይቻላል።

ከዚያ ባትል መጣ። ስክሪኑ ለሁለት ይከፈላል፤ አምስት ደቂቃ ይቆጠራል፤ ተመልካቹ ስጦታ ይልካል፤ ብዙ የተላከለት ያሸንፋል፤ የተሸነፈው ይቀጣል። ፊቱን ዱቄት ይቀባል፣ ውሃ ይደፋበታል፣ ይንበረከካል። አንበሳ ሲላክ ቤቱ ይናጣል፤ አንዱ አንበሳ ወደ 30 ሺህ ሳንቲም ያወጣልና፣ የቲክቶክ ሳንቲም ማለቴ ነው። ይህ እንግዲህ ጌም ቤታችን ውስጥ ያለው ሕግ ነው፤ አጭር ሰዓት፣ ሁለት ሰው፣ ተሸናፊ። ልዩነቱ አንድ ብቻ ነው። ጌም ቤት ውስጥ ተሸናፊው አሥር ብር ሃያ ብር ከፍሎ፣ ተሳስቆ ይወጣል። ባትል ላይ ግን የሚከፍለው ተመልካቹ ነው፤ ብዙ ጊዜም በባዕድ አገር ሌሊት የሚሠራ ወንድም ወይም እህት።

የዝምታው ጉዳይም አለ። እኔ መተግበሪያዎቹን ሳስባቸው መናኸሪያ ይመስሉኛል፤ ግን የተገለበጠ መናኸሪያ። ደኅና ተራ አስከባሪ ቀድሞ የመጣውን ቀድሞ ያስጭናል፤ ባዶ ያለውን “እዚህ ግቡ፣ እዚህ ግቡ” እያለ ይሞላል። ስልካችን ውስጥ ያለው ተራ አስከባሪ ግን ቀድሞ ለሞላው ነው ተሳፋሪ የሚጠራው። ሦስት ሰው የያዘ መኪና ጥግ ላይ ይቆያል። የመንዳት ላይቩ ልዩ ነገር ደግሞ ሳይሞላ የሚነሳ አውቶብስ መሆኑ ነበር። በሦስት ሰው ይነሳል። ሦስቱ መንገድ ላይ ይተዋወቃሉ፤ ሌሎች ይሳፈራሉ፤ ይወርዳሉ። ይህን ዓይነት ጉዞ በሰው ብዛት መመዘን ከጅምሩ ስህተት ነው፤ ግን የተመዘነው በዚያው ነው።

ምንም ያልተፈጠረበት መንገድ

አሁን ወደ ራሳችን መንገድ ልምጣ። በ2015 ዓ.ም. ክረምት፣ ሐምሌ 28 የአስቸኳይ ጊዜ አዋጁ በታወጀበት ሰሞን፣ አማራ ክልል ውስጥ ሞባይል ዳታ ተቋረጠ። ለቀናት ሲመስለን ለወራት ሄደ። እኛ ላይቭ ማየት ያቆምነው ስለሰለቸን አይደለም። ተመልካች የቀነሰበትን ምክንያት የሚቆጥሩ ሰዎች እንዲህ ያለውን መስመር አይጽፉትም፤ ለነሱ ጎጃም ድንገት የጠፋች ነጥብ ናት። ስንመለስ ዘውጉ አርጅቶ ጠበቀን።

መንገዱም እንደ ኔትወርኩ ነበር። ይከፈታል፣ ይዘጋል። ማርቆስ ውስጥ “መንገድ አለ ወይ?” የሚለው ጥያቄ “ዛሬ ዝናብ አለ ወይ?” እንደማለት የዕለት ጥያቄ ሆነ። በ2016 ዓ.ም. ሰኔ መጨረሻ ላይ ከደባርቅ ዩኒቨርሲቲ ወደ አዲስ አበባ የሚጓዙ ተማሪዎች የተሳፈሩባቸው አውቶብሶች ገርበ ጉራቻ አካባቢ ተይዘው፣ ከመቶ በላይ ሰው መታገቱን ሁላችሁም ሰምታችኋል። ገርበ ጉራቻ እኮ የኛ መንገድ ናት። ዓባይን ተሻግሮ፣ ጎሃ ጽዮንን አልፎ፣ “በቃ ደረስን” የሚባልባት ናት። ያን ሰሞን አዲስ አበባ ልጅ ያለው ሁሉ ስልክ ይዞ ነበር የሚያድረው።

ከዚህ በኋላ የመንዳት ላይቭ ሳይ የማየው ነገር ተለወጠ። ያ ዝናብ፣ ያ መጥረጊያ፣ ያ የትም የማያደርስ ወሬ፣ አንድም ሰው መኪናውን አያስቆምም። ጀርመናዊው ልጅ ሲያዛጋ እቀናበታለሁ። ማዛጋት የሚቻልበት መንገድ! የሌላ አገር ተቺዎች ይህን ዓይነት ጌም “አሰልቺነቱ ነው ውበቱ” ይላሉ፤ ከፈጣን ኑሮ ማረፊያ ነው ይላሉ። እኛ ጋ ግን መሰልቸት ማረፊያ ብቻ አይደለም። ሰው ሲሸኝ የምንለውን አስቡት፦ “በሰላም ግቡ።” ይህ ምርቃት ሲፈታ ምን ማለት ነው? ምንም አይፈጠር ማለት ነው። ጎማው አይፈንዳ፣ ድልድዩ አይዘጋ፣ ማንም አያስቁም፣ የሚወራ ታሪክ ሳይኖራችሁ ግቡ። ስትደርሱም “እንዴት ነበር መንገዱ?” ስንላችሁ “ምንም አይል” በሉን። ትልቁ ምኞታችን ይኸው ነው።

እንግዲህ የተሸነፈውን ነገር በዚህ ዓይን እዩት። ምንም የማይፈጠርበትን ሰዓት ቁጭ ብሎ አብሮ የሚያይ ሰው እየጠፋ ነው። በምትኩ እውነተኛ መንገዶች ላይ የደረሰ አደጋ በካሜራ ተቀርጾ፣ ሙዚቃ ተደርቦበት፣ በአሥር ሰከንድ ይታያል። ሲኖትራኩን “ቀይ ሽብር”፣ አይሱዙውን “አልቃይዳ” ብሎ ስም ያወጣ ሕዝብ ነን፤ መንገድ ላይ ስለሚፈጠር ነገር ማንም አያስተምረንም። የጎደለን ያልተፈጠረበትን መንገድ እንደ ታሪክ ማየት ነው።

ለዘውጉ ሳላዳላ

የመንዳት ላይቮቹ ራሳቸው ጥፋት የለባቸውም ማለቴ አይደለም። ብዙዎቹ የወደቁት ሲገፉ ብቻ ሳይሆን ራሳቸውም ሲያዘነብሉ ነው። አንደኛ፣ ወሬያቸው ስለ መንገዱ መሆኑ ቀርቶ ስለ መሪው ሆነ። የትኛው መሪ ስንት ኃይል አለው፣ የትኛው ወንበር ይንቀጠቀጣል። ሱቅ ሆኑ። ሱቅ ደግሞ የሚገዛውን ሰው ይፈልጋል እንጂ አብሮ የሚጓዘውን አይፈልግም። ሁለተኛ፣ ብዙዎቹ መስኮቱን ማየት ተዉ። ጌሙ ውስጥ ያለውን ኮረብታ፣ ነዳጅ ማደያ፣ መሸት ሲል የሚበራውን መንደር እንደ ጀርባ ወረቀት አለፉት። ጥሩ ረዳት እንኳን “ያቺ ቤተ ክርስቲያን እንትና ያሠራት ናት” ይላችኋል። የማያይ ሹፌር ላይቭ ላይ ተቀምጦ ማየት በእርግጥም ይሰለቻል፤ ያን ጊዜ የሄደውን ተመልካች አልፈርድበትም።

ሦስተኛው ክርክር ከኛው ወገን ነው የሚመጣው፦ “ሐበሻ ትዕግሥት የለውም፤ አምስት ሰዓት ቁጭ ብሎ አያይም።” ይሄ ውሸት ነው። “ፍቅር እስከ መቃብር”ን ወጋየሁ ንጋቱ በሬዲዮ ሲተርከው አገር ሙሉ ቁጭ ብሎ ሰምቷል። ያ መጽሐፍ ደግሞ የጎጃም መጽሐፍ ነው፤ ሰብለ ወንጌልም ከዚሁ ከኛ አገር ወደ አዲስ አበባ የወጣችው በእግሯ ነው። አድማጩ የአንድ ሰው ድምፅ ተከትሎ ከመንደር መንደር ሄዷል፤ “ቶሎ በልና መጨረሻውን ንገረን” አላለም። ትዕግሥቱ ነበረን። የጠፋው ትዕግሥቱን የሚከፍልበት ነው።

ስለዚህ ከዚህ ዘውግ የተረፈውን የሚሠራ ልጅ ካለ፣ በተለይ ከዚህ ከደጋው፣ የምጠይቀው ትንሽ ነው። ስልኩ ይበቃል፤ ውድ መሪ አያስፈልግም። ባትል ቢጠሩህ አትግባ። ጌሙ ውስጥ ያለችው ኢንዶኔዥያ ትሁን፣ ወሬው ግን ከዚህ ይሁን። አንድ ቀን አንድ ጡረታ የወጣ ሹፌር አጠገብህ አስቀምጥና ማርሽ ያስቀይርህ፤ እሱ ዓባይን ያውርድህ፣ ሉማሜን ያሳልፍህ። አንተ እጅህ ይያዝ፣ እሱ ያውራ። ስድስት ሰው ቢያይህ ስድስት ሰው በሰላም ገባ ማለት ነው።

እኛ ተመልካቾቹም ብንሆን ፍርዱን ያለ ይግባኝ መቀበል የለብንም። ተሸናፊ የሌለበት ነገር ዋጋ የለውም የሚለው ሕግ ጌም ቤት ውስጥ ያስቃል፤ አገር ሲገባ ግን አያስቅም። አሸናፊና ተሸናፊ ሳይኖር፣ ሁሉም ሰው ተሳፍሮ ሁሉም ሰው የሚወርድበት ጉዞ ለጊዜው በጨዋታ ውስጥ ብቻ የቀረ ከሆነ፣ ጨዋታውን እንኳን አንተወው።